ከዳገቱ እስከ ክሊኒኩ

መካኒኩን ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» እያለ ነው የሚጠራው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም እንደ እሱ ላለ ግንድ የሚያህል ሰው ጆሮው ያንሰዋል። ስሙ የወጣለት የሞተር በሽታ አዳምጦ ስለሚያውቅ ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ «ፓምፑ ነው» ይላል፤ ሲፈታ ፓምፑ ሆኖ ይገኛል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተሳሳተው ሁለቴ ብቻ ነው ይባላል። ይህንን የሚያወራው ግን እሱ ራሱ ስለሆነ ቁጥሩን ማመን ግዴታ አይደለም።

ይህ ሰው አንዲት መኪና መፍራት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

መኪናዋ ጋራዡ ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አሮጌ ናፍጣ ናት፤ ከጆሮ ትዳር በዕድሜ ትበልጣለች። የሚነዳት ጎረቤቱና የልብ ወዳጁ ልብስ ሰፊው ነበር። ልብስ ሰፊው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደረቱን ከበድ ከበድ አለውና ለሚስቱ «ጋዝ ይሆናል፣ ክሊኒክ ደርሼ እመጣለሁ» ብሏት ወጣ። ክሊኒኩ ከዳገቱ ማዶ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ሙቀት ጠቋሚ ቀዩን ነካ። መኪናዋን ዳር አስይዞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቅ ጀመር። ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ሻጭ ኋላ እንደተናገረው አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጧል። ሦስት ጊዜ ተነስቶ፣ ቁልፉን አዙሮ ጠቋሚውን እያየ፣ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

መኪናዋን ከዳገቱ ጎትቶ ያመጣት ጆሮ ነው። ሸራ ጣለባትና በዚያው ተዋት። ለጠየቀው ሁሉ «ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልከፈትኳት» ይላል። ውሸቱን ነው፤ ሥራማ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። የፈራው ሌላ ነው። ወዳጁ ከመሞቱ አሥር ቀን በፊት የመኪናዋን ቡልቦ የቀየረው እሱ ነበር። ቡልቦ አውራ ጣት የማታህል ብረት ናት፤ ጫፏን የሞተሩ ውሃ ውስጥ ነክራ ሙቀቱን በሽቦ ለጠቋሚው ታቀብላለች። የድሮዋ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጠቋሚው ሠራ አልሠራ ደንታም አይሰጠው። ልብስ ሰፊው ግን አንዲት እጅጌ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን የሚለካ ሰው ነው። «ሙቀቱን ሳላይ ስነዳ ልቤ አያርፍም» እያለ ጆሮን ነዘነዘው፣ ነዘነዘው።

የመኪናዋ ትክክለኛ ቡልቦ ገበያ ላይ ጠፋ። ጆሮም መካኒክ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ከሌላ ዓይነት መኪና የተፈታች፣ ጥርሷ ልክ የሚገባ ቡልቦ ፈልጎ አሰረ። ቅዳሜ ነበር፣ ጋራዡ ሊዘጋ ሲል። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል በቆመበት አስነስቶ፣ ጠቋሚው ከፍ ማለቱን አየና «በቃ፣ ሠርታለች» አለ። ከዚያም ለጥንቁቁ ወዳጁ ጥንቁቅ ምክር ሰጠው። «ቀዩን ከነካ አንድ እርምጃ እንዳትነዳት። ቁም፣ ኮፈኑን ክፈት፣ እስኪወርድ ጠብቅ። አለዚያ ከላይ ያለው ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይጣመምና ሞተሩን ትቀብረዋለህ።»

ልብስ ሰፊው ቃል በቃል ደገመለት። ምክር ሲሰጡት የመድገም ልማድ ነበረው።

ሰኞ ጠዋት የሟች ሚስት ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ክፉኛ ከስቷል።

«ክፈታት» አለችው፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

«ምን ያደርግልሻል እህቴ? ቆይ፣ ትንሽ ልብሽ ይረጋጋና...»

«ልቤ የሚረጋጋው ሳውቅ ነው። እህቱ ለቅሶው ላይ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ ምን እንዳለችኝ አንተም ነበርክ፣ ሰምተሃል። ‹ይቺን ቆርቆሮ ሽጡ ብል ያባቴ ናት ብላ አላሸጥ አለች፤ ይኸው ወንድሜን በላችው› አለች። ሁለት ጊዜ ሊሸጣት ብሎ ሁለቴም ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እውነት ነው። ስለዚህ ንገረኝ። ያስቀረው መኪናዋ ናት ወይስ የገዛ ልቡ? ጤነኛ መኪና ቢይዝ ኖሮ ይደርስ ነበር?»

«እሱን እኮ ሐኪም...»

«ሐኪሙማ ‹ቶሎ ቢደርስ› አለኝ። ቶሎ ያልደረሰበትን ምክንያት የምታውቀው አንተ ነህ። ባሌ በአንተ ነበር የሚምለው።»

ጆሮ ወደ መኪናዋ ሄደ። ሸራውን ገፈፈው። አቧራው ሲነሳ ሁለቱም አሳላቸው።

ጨዋ መካኒክ ሙቀት ያስቸገረው ሞተር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያየው ውሃውን ነው። ጆሮ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጣቱን ነክሮ አሸተተው፤ ናፍጣም ዘይትም አይሸትም። የዘይት መለኪያውን መዝዞ በጨርቅ ጠረገው። ዘይትና ውሃ ቢቀላቀሉ ኖሮ ወተት የመሰለ አረፋ ይኖር ነበር፤ ዘይቱ ግን እንደ ማንኛውም የናፍጣ ዘይት ጥቁር ነው። ቺንጋውን፣ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ደህና ተወጥሯል። ማራገቢያውን፣ ቬንትሌተሩን፣ በእጁ አሽከረከረው፤ አልተንገዳገደም። የውሃ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ጨመቃቸው፤ የተሰነጠቀ የለም።

ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ዛሬ ግን በሽታ እየፈለገ ነው፤ ፈልጎ ባጣ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። አንድ የተቀደደ ነገር፣ አንድ የዛገ ፓምፕ ቢያገኝ እፎይ ሊል ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ የወዳጁ መኪና ታማ እንድትገኝ በሆዱ ይለምን ነበር።

«እንዴት ናት?» አለች።

«እስካሁን ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነች ለምን ቆመች?»

«ቆይ እናስነሳት።»

ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ጆሮ ካቻቢቴውን ፓምፑ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። የሚያጉረመርምም የሚያፏጭም ነገር የለም፤ ውሃው ተረጋግቶ ይዞራል። ራዲያተሩ አፍ ላይ አጎነበሰ። ቴስታታው ሥር የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ቢሆን አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። አንዲትም አረፋ አልወጣችም።

የናፍጣ ሞተር በቆመበት ሲሠራ ቶሎ አይሞቅም። ሥራ ካልበዛበት ግማሽ ሰዓት ቢያጓራም ለብ ከማለት አያልፍም። ጆሮ ይህንን የሚያውቀው ገና ሱሪው ሳይረዝም ጀምሮ ነው። ታዲያ የዚያን ቅዳሜ በአምስት ደቂቃ ምን አይቶ ነው «ሠርታለች» ያለው? ገና ለብ ባለ ውሃ ጠቋሚው ከመሀል በላይ መውጣቱን ሲያይ ለምን ግራ አልገባውም? ቸኩሎ ነበር። እርቦት ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አልነበረውም።

ንፋስ እንዳያቀዘቅዘው ብሎ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን አቆመ። ሴትዮዋ መሪው ፊት፣ ባሏ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ እሱ የሰፋው ልብስ አለ፤ ስፌቱ የሸሚዝ ያህል ያማረ ነው። ጆሮ አንድ ጊዜ «ወንበር የምታለብሰውን ያህል ለእኔ ቱታ ብትሰፋልኝ ምን ነበረበት?» ብሎት «የአንተን ሆድ የሚከብብ ሜትር ሲመጣ እሰፋልሃለሁ» ብሎ መልሶለት ነበር። ሁለቱም በሳቅ ሞተው ነበር ያኔ።

«እየወጣ ነው» አለች ከውስጥ። ድምጿ ቀጠነ። «መሀሉን አለፈ... አሁንም እየወጣ ነው... ይኸው! ይኸው ቀዩን ነካ!»

ጆሮ ላይኛውን የውሃ ጎማ ያዘው። ሞቋል፤ ግን ያስይዛል። የሚፈላ ሞተር ጎማ ደግሞ አያስይዝም፣ ቆዳ ይልጣል። እንፋሎት የለም፣ ሽታ የለም፣ ሞተሩም ድምፁን አልለወጠም። የሚዋሸው ጠቋሚው እንደሆነ በደንብ ገባው። እጁን ጎማው ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ።

ሴትዮዋ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታለች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። «መኪናዋ ናት» ትላለች። «እኔ ነኝ ማለት ነው። እኔው ነኝ። ብረት ታቅፌ ሰው ቀበርኩ።»

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። መዋሸት እንኳ አያስፈልገው፤ ውሸቱን እሷው ራሷ ጨርሳ አስቀምጣለታለች። «አሮጌ ሞተር ነው፣ ምን ይደረግ» ቢል ማንም አይጠይቀው፤ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል። ነገሩ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ትከሻዋን አየ። ይቺን ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህቴ ሲላት የኖረ ሰው፣ የራሱን ጥፋት እሷ ላይ ጭኖ ሊሸኛት እንደሆነ ታየውና ራሱን ጠላ።

ሞተሩን አጠፋ። «አታልቅሺ። ገና አልጨረስኩም» አላት።

ቡታጋዙን ከጓዳ አምጥቶ መኪናዋ አጠገብ ለኮሰ። ድስት ላይ ውሃ ጣደ። ቡልቦዋን ፈትቶ፣ አንዱን ሽቦ ከራሷ፣ ሌላውን ከአካሏ አስሮ ከመኪናዋ ጋር አገናኛትና ጫፏን ድስቱ ውስጥ አንጠለጠለ። ከጎኗ የመስታወት ሙቀት መለኪያ ነከረ። ሴትዮዋን ድስቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጣት።

«አንቺ የመለኪያውን ቁጥር ጮክ ብለሽ ጥሪልኝ። እኔ ከውስጥ ጠቋሚውን አያለሁ። ሞተር ጤነኛ የሚባለው ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና ላይ ነው። እዚያ ላይ ጠቋሚው መሀል መሆን አለበት። ቀዩን የሚነካው ከመቶ በላይ ነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

ቁልፉን ከፈተ። «አርባ» አለች፤ ጠቋሚው ተንቀሳቀሰ። «ሃምሳ» አለች፤ ሊጋመስ ደረሰ። «ስልሳ»፤ መሀሉን አለፈ። «ሰባ» ስትል ጆሮ ዓይኑን መጨፈን አማረው። «ሰባ አምስት... ሰማንያ።»

በሰማንያ ጠቋሚው ቀዩ ላይ ነበር።

«ሰማንያ አልኩህ እኮ። የት ነው?» አለች። ውሃው ገና አረፋ እንኳ አላወጣም።

ጆሮ ከመኪናዋ ወርዶ ፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያን የሚያህል ሰውነት አንሶ ታየ።

«ቀዩ ላይ ነው» አላት። «መኪናዋ ምንም አልነበረባትም እህቴ። አባትሽ የሰጡሽ ሞተር ጤነኛ ነው፣ ገና አሥር ዓመት ይሄዳል። የታመመው ጠቋሚው ነው። ጠቋሚውን ያሳመምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከሌላ መኪና የተፈታ ቡልቦ አሰርኩበት። እንዲህ እንደ አሁኑ በድስት መፈተን ነበረብኝ፤ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ቸኮልኩ። ከዚያ ደግሞ ‹ቀዩን ከነካ አንድ እርምጃ እንዳትነዳ› አልኩት። እስከዚያ ማክሰኞ የሚነዳት እስከ ስፌት ቤቱ ብቻ ስለነበር ሞተሩ ሳይሞቅ ይደርስ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ግን ቀዩን ነካ። እሱ እንደሆነ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሞተሩ ሳይግል እስኪበርድ ጠበቀ። ሲቆም ደግሞ ሙቀቱ ሞተሩ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቆይ፣ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ጠቋሚው ያው ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። የማይወርድ ነገር ነበር የሚጠብቀው።»

አልጮኸችም። ጆሮ ብትጮህ፣ ብትሰድበው፣ ድስቱን ብትደፋበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ቡታጋዙን አጠፋች።

«ይነዳ ነበር ማለት ነው?» አለች። «ባይቆም?»

«ይነዳ ነበር።»

«ንዳኝ።»

«ወዴት?»

«ዳገቱን። ቡልቦዋን መልሰህ እሰርና ንዳኝ። እሱ የሄደውን ልሂደው።»

መለሰና አሰራት።  ቡልቦዋ ስትፈታ የፈሰሰውን ውሃ ሞላ፤ የመስታወት መለኪያውን ከላይኛው የውሃ ጎማ ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ አሰረው። እሱ ከመሪው ኋላ፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጠው ወጡ።

ዳገቱ ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። አሮጌዋ ናፍጣ ማጉረምረም እንጂ መድከም አላሳየችም። ግራና ቀኝ ሱቆች፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ያልተጨረሰ ፎቅ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ምንጣፍ አለፉ። ጠቋሚው መሀሉን ተሻግሮ ወጣ። ዳቦ ሻጩ መደብር ጋ ሲደርሱ ቀዩን ነካ፤ ልክ እዚያው። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አለ፤ ልብስ ሰፊው የተቀመጠበት እሱ ይሁን ሌላ፣ ጆሮ አያውቅም። እግሩ በልማድ ከነዳጁ ላይ ላላ።

«እንዳትቆም» አለችው። እጅ ሰዓቷን እያየች ነበር።

አንዴ ብቻ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ የታሰረውን መለኪያ አነበበ። ሰማንያ ስምንት ይላል። ተመልሶ ገባ። ከዚያ ቁልቁለት ነው፣ አንድ አደባባይ፣ ረጅም የግንብ አጥር፤ በአጥሩ መጨረሻ ላይ የክሊኒኩ በር። በሩ ፊት አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ፍሬኑን ያዘ።

«ከድንጋዩ እስከዚህ አራት ደቂቃ» አለች። «አንተ ወርደህ ያየህበትን ስቀንስ አራት ደቂቃ።»

ጆሮ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። «ይቅር በይኝ አልልሽም» አለ፤ እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «በሕግ ብትጠይቂኝም እቀርባለሁ። እህቱ ዘንድም ሄጄ ሰው ሁሉ ባለበት እኔ ነኝ እላለሁ። ብቻ አንቺ የለሽበትም። ይህን እንድታውቂ ነው። መኪናዋም አንቺም የላችሁበትም።»

«ዝም በል» አለችው። በቁጣ አልነበረም። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር የምትናገረው።

«ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም። ከዳገቱ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። ‹ቀዩን ነክታለች፣ ቆሜያለሁ፤ ደረቴን ግን እየጨመረብኝ ነው› አለኝ። ‹የጆሮን ምክር ልተወውና ልንዳት ይሆን?› ብሎ ጠየቀኝ። ሊነዳት ፈልጎ ነበር፤ ታውቀዋለህ፣ ሳይጠይቅ አያደርግም።»

ጆሮ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ ደግሞ ምን አልኩት መሰለህ? ‹ያባቴን ሞተር እንዳታቃጥልብኝ፣ ትንሽ ታግሰህ ጠብቅ› አልኩት። ‹እሺ› አለኝና ዘጋው። ዛሬ አንተ ጋ የመጣሁት ሞተሩ በእውነት ፈልቶ ነበር እንድትለኝ ነበር። ፈልቶ ከነበረ ቢነዳትም አትደርስም ነበር እል ነበር። ጠብቅ ማለቴ ምንም አላጎደለም እል ነበር። በመኪናዋ ብወቀስ ግድ አልነበረኝም፤ መኪናዋን እችላት ነበር።»

የክሊኒኩ ዘበኛ ከጎጆው ወጥቶ መስኮቱን አንኳኳ። «በሽተኛ ይዛችኋል?» አለ። «ከያዛችሁ በሩን ልክፈት።»

«የለም» አለች።

ዘበኛው መንገዱን ልቀቁ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ሁለቱን ሲያያቸው ተወውና ወደ ጎጆው ተመለሰ።  ሁለቱም እያለቀሱ በሩ ፊት ብዙ ቆዩ፤ ሞተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይፈላ ይሠራ ነበር።